የአንባቢ ጥያቄ፦ ስሜን ልቀይረው ወይስ እንዳለ ልተወው?

ባለፈው እትም መጨረሻ ላይ «ስማችሁን ትወዱታላችሁ?» ብዬ አንዲት መስመር ጣል አድርጌ ነበር፣ በቃ እሷን ብቻ፣ የመጣው መልስ ግን ስለ ትዳርና ስለ ውርስ ከሚመጣው ሁሉ በለጠ። ከደሴ፣ ከኮምቦልቻ፣ ከወልዲያ፣ ከሐይቅ፣ ከከሚሴ፣ አንዷማ ከጅዳ በቮይስ ልካ ግማሹን እየሳቀች ግማሹን እያለቀሰች ነው የምታወራው። ሌላ ጊዜ ስማችሁን አትጻፉ እያልኩ የምለምነው እኔ ነኝ፣ አሁን ግን ጉዳዩ ራሱ ስም ሆኖ ምን ላድርግ፣ የመጀመሪያ ስማቸውን ባለቤቶቹ ፈቅደውልኝ ትቼዋለሁ፣ የአባት ስም ካላስፈለገ የለም። ደግሞ ነገረ ፈጅ አይደለሁም፣ ፍርድ ቤት ምናምን የሚለው ላይ ስደርስ እኔን ሰምታችሁ ብቻ እንዳትሄዱ፣ ወረቀታችሁን ይዛችሁ የሚያውቅ ሰው አማክሩ።

ጥያቄ፦ እትዬ ጤና ይስጥልኝ። ስሜ ተስፋዬ ነው፣ የአባቴ ስም ሰይድ፣ የአያቴ ደግሞ ይማም። ያደግኩት ኩታበር ነው፣ እዛ እያለሁ ስሜ ስም ብቻ ነበር፣ ማንም ምንም ብሎኝ አያውቅም። አዲስ አበባ ስራ ይዤ ከገባሁ ወዲህ ግን ስሜን ሰምቶ ዝም የሚል ሰው አጣሁ። ቤት ልከራይ ስሄድ አከራይዋ መታወቂያዬን ገልብጠው ገልብጠው «እና አንተ ምንድነህ?» አሉኝ። ቢሮ ፆም በገባ ቁጥር አንዱ «ዘንድሮስ የቱን ነው ምትፆመው?» ይለኛል፣ እየሳቀ ነው ግን በየዓመቱ ነው። አባቴ ሙስሊም ነው፣ እናቴ ክርስቲያን ናት፣ እኔም የእናቴን ይዣለሁ። ጓደኛዬ የአባትህን ስም አስቀይረውና ተገላገል እያለ ይወተውተኛል። ይቻላል? ቢቻልስ አባቴ ቢሰማ ምን ይላል?

መልስ፦ ወንድምዓለም፣ ከኋላው ልጀምር። አባትህ ቢሰማ ምን እንደሚል አንተም ታውቀዋለህ፣ ባታውቀው ኖሮ እኔን አትጠይቀኝም ነበር። ሕጉም ለዚህ አይመችህም። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ሰው የራሱን ስም በቂ ምክንያት ካለው በፍርድ ቤት መቀየር ይችላል ይላል፣ የአባት ስም የሚለው ግን አባትህ የሚጠራበትን የገዛ ስሙን ነው። ስለዚህ ሰይድ የሚለው ያንተ አይደለም የሱ ነው፣ አንተ ከኋላህ አስከትለኸው ነው የምትሄደው። እሱ ራሱ ሄዶ ካልቀየረው ያንተ ጉዳይ መሬት የለውም፣ እሱ ደግሞ በስተርጅና ስሜን ቀይሩልኝ ብሎ ዳኛ ፊት ሲቆም አይታየኝም።

አሁን ለዛ ለቢሮው ሰውዬ የምትነግረውን ልስጥህ። ኩታበር ያደገ ሰው ቦሩ ሜዳን ላያውቅ አይችልም። በ1870 አፄ ዮሐንስ ምኒልክን አስቀርበው እዛ ሜዳ ላይ ጉባኤ ተቀመጡ፣ የወሎ ሹማምንትም ክርስትና ተነሱ ተባሉ። ኢማም መሐመድ አሊ ሚካኤል ተባሉ፣ የክርስትና አባታቸው ራሳቸው አፄ ዮሐንስ። ኢማም አመዴ ሊበን ደግሞ ኃይለማርያም ተባሉ፣ የሳቸው የክርስትና አባት ምኒልክ። መሐመድ አሊ ከዛ በኋላ ራስ ሚካኤል ሆኑ፣ በ1906 ደግሞ ንጉሥ ሚካኤል፣ የልጅ ኢያሱ አባት ማለት ናቸው። አሊ ግን አሊ ሆኖ ቀረ። ራስ ሚካኤል አሊ ነው የሚባሉት! ያንተው ዓይነት ስም ነው እኮ፣ የፊቱ በቤተክርስቲያን የኋላው በመስጊድ፣ በዚህ ስም ወሎን ገዝተውበታል፣ አንተ ደግሞ አንድ ክፍል ቤት ተከራይበት ተብለህ ተቸገርክ።

ግን ይሄን ታሪክ ሁልጊዜ እንደ ማር ስናወራው አልወድም። ያኔ ስም የተቀየረው ሰው ወዶ ብቻ አይደለም፣ አዋጅ ነበረ፣ እንደ ሼህ ጦልሐ ያሉት እምቢ ብለው መሳሪያ አንስተዋል፣ ሃይማኖቴን አልሰጥም ብሎ አገሩን ጥሎ የተሰደደም ብዙ ነው። እና ወሎ ውስጥ ስም ተደባለቀ ሲባል አንዱ በጋብቻ ነው አንዱ በፍራቻ ነው አንዱ ደግሞ እንዲሁ የጎረቤቱን ስም ወዶ ለልጁ ያወጣ ነው፣ ሁሉም አለበት፣ በኋላ ሰው ልጅ እየዳረበት እያዘነበት የራሱ አደረገው። ያንተ ቤት ደግሞ የጋብቻው ነው፣ አባትህ ልጁ ተስፋዬ ተብሎ ክርስትና ሲነሳ ዝም ብሎ አላየም፣ ምናልባት ድግሱን የደገሰው እሱ ነው፣ ጠይቀው እስኪ።

አከራይዋ «ምንድነህ» ካሉህ ተከራይ ነኝ በላቸው፣ ኪራይ በሰዓቱ የምከፍል። ለቢሮው ሰውዬ ደግሞ ፆሙን ለኔ ተወው፣ ማፍጠሪያና መፈሰኪያ ላይ ግን ሁለቱም ጋ አለሁ በለው። መሰልቸትህ ይገባኛል፣ መሰልቸት መብትህ ነው፣ ግን የሰለቸህ ጥያቄው እንጂ ስሙ አይመስለኝም።

ጥያቄ፦ እህቴ አብሽሪ በይኝና ስሚኝ። አገሬ መርሳ ነው፣ ስሜ ብርቱካን። ልጅ ሆኜ ነው የወጣሁት፣ ደላላው የሙስሊም ስም ከሆነ ቶሎ ነው ሚያልቀው ብሎ ፓስፖርቱ ላይ ዘሀራ አስባለኝ፣ እድሜዬንም ከፍ አደረገው። ጅዳ ስድስት ዓመት ዘሀራ ሆኜ ኖርኩ፣ ማዳሜ ዘሀራ ልጆቹ ዘሀራ ኢቃማው ዘሀራ። ብሩንም በዛ ስም ነው ስልክ የነበረው፣ የባንክ ደብተሬም በሱ ነው የተከፈተው። አሁን ጠቅልዬ ገብቻለሁ፣ አግብቼ ልጅ ወልጃለሁ፣ ቀበሌ ብርቱካን ነኝ ባንክ ዘሀራ ነኝ። ባለፈው አክስቴን ይዤ ባንክ ሄጄ ልጅቷ «ዘሀራ!» ብላ ስትጣራ ብድግ አልኩ፣ አክስቴ ደግሞ ኋላዋን እየዞረች ዘሀራን ትፈልጋለች። እዛው ነው ያፈርኩት። ገንዘቤን እንዳላጣ ምን ላድርግ? ሌላው ደግሞ እንዴት ልበልሽ፣ አንዳንዴ ዘሀራ መባል ይናፍቀኛል፣ ይሄ ኃጢአት ነው?

መልስ፦ የኔ ዓለም አብሽሪ፣ ይሄ ያንቺ ብቻ አይደለም። ከሐይቅ እስከ ከሚሴ ከባቲ እስከ ሐብሩ ሁለት ስም ይዛ የተመለሰች ሴት የሌለችበት ሰፈር ፈልጊ ብትዪኝ ይቸግረኛል። በ2006 ሳውዲ በጥቂት ወራት ውስጥ ከ150 ሺ በላይ ኢትዮጵያዊ ስትመልስ ቦሌ ላይ በወረቀቱ ስም ሲጠሩ የራሳቸው መሆኑን ረስተው ዝም ያሉ እንደነበሩ ከተመላሾች ሰምቻለሁ። ስምን መልአክ ያወጣዋል ይላሉ፣ ያንቺን ሁለተኛውን ግን ያወጣው ደላላ ነው፣ ለዛውም ተከፍሎት።

መጀመሪያ ወረቀቱ። ፓስፖርቱን እንዳታቃጥዪ እንዳትቀጂ፣ ተናድደው የቀደዱ አሉ፣ ከዛ በኋላ ዘሀራ እኔ ነበርኩ ብሎ ማስረዳት መከራ ነው። ፓስፖርቱን፣ የኢቃማውን ኮፒ፣ የባንክ ደብተሩን፣ ብር የላክሽበትን ደረሰኝ የተረፈሽ ካለ፣ ከዛ በዚህ በኩል ደግሞ የቀበሌ መታወቂያሽን፣ የትምህርት ቤት ካርድሽን፣ የክርስትና ማስረጃ ካለሽ እሱን፣ ሁሉንም በአንድ ፌስታል አድርጊ። ወረዳ ፍርድ ቤት ነው የምትሄጂው። ብርቱካንም ዘሀራም የሚባሉት አንድ ሰው እኔው ነኝና ይወሰንልኝ ብለሽ ነው የምታመለክቺው፣ በልጅነትሽ የሚያውቁሽና ስትሄጂ የሸኙሽ ምስክሮች ይኑሩሽ፣ አክስትሽ አንዷ ትሁን፣ ባንክ ቤት ያየችውን ራሱ ትናገር። ተቃዋሚ ካለ ይቅረብ ተብሎ ማስታወቂያ እንዲወጣ ሊታዘዝ ይችላል፣ አትደንግጪ። የእድሜው ነገር ግን ከስሙ ይለያል፣ እሱን ከማንሳትሽ በፊት ጠበቃ አማክሪ፣ የገዛ ቃልሽ በኋላ እንዳይጠልፍሽ፣ ያኔ ልጅ እንደነበርሽና ያሰራው ሌላ ሰው እንደሆነ አስቀድመሽ በግልጽ ንገሪው።

ውሳኔው እጅሽ ከገባ በኋላ ነው ባንኩም የሚሰማሽ ኢሚግሬሽኑም የሚሰማሽ፣ ለኢሚግሬሽን አዲስ አበባ ድረስ መንከራተት የለብሽም፣ ደሴ ቅርንጫፍ አለ። ፋይዳ ካላወጣሽ ደግሞ ተረጋግተሽ አስቢበት፣ ምክንያቱም የአስሩንም ጣት አሻራና ዓይንሽን ነው የሚወስደው፣ አንዴ በአንዱ ስም ከገባሽ ነገ በሌላው ልግባ ብትዪ ሲስተሙ አንቺው መሆንሽን ያውቅብሻል። ባንኮችም አሁን ፋይዳ አምጡ እያሉ ስለሆነ ይሄ ጉዳይ በቆየ ቁጥር ይከብዳል። እኔን ብትጠይቂኝ ወረቀት ሁሉ ወደ አንድ ስም ይሰብሰብ፣ ያውም ወደ ብርቱካን፣ የልጅሽ የልደት ካርድ ላይ እናት ተብሎ የተጻፈው እሱ ስለሆነ።

ናፍቆቱን በተመለከተ እኔ ቄስም ሼህም አይደለሁም ግን ኃጢአቱ አይታየኝም። ስድስት ዓመት እኮ ነው፣ የመጀመሪያ ደሞዝሽን የተቀበልሽው ዘሀራ ተብለሽ ነው፣ የእናትሽን ቤት ቆርቆሮ ያለበሰችው ዘሀራ ናት፣ ታመሽ ማንም ሳይጠይቅሽ ተነስተሽ የሰራሽውም በሱ ስም ነው። እዛ የተዋወቅሻቸው ጓደኞችሽ አሁንም ዘሀራ ብለው ይደውሉ፣ ምን አለበት። ባልሽ እንግዳ ስም ሲሰማ እንዳይደናገር ግን ታሪኩን ሙሉውን ንገሪው፣ ከሰው ከሚሰማው ካንቺ ይስማ።

ጥያቄ፦ እትዬ እንደምን አሉ። ህሊና እባላለሁ፣ ነርስ ነኝ፣ ደሴ ነው ያደግኩት፣ ባሌ የወረኢሉ ልጅ ነው። የሰርጋችን ጊዜ አማቴ እጄን ይዘው «ከዛሬ ጀምሮ አንቺ የኔ ጥሩወርቅ ነሽ» አሉኝ፣ ሰው ሁሉ እልል አለ፣ እኔም ሳቅኩ ፎቶ ተነሳን። የዛን ቀን ብቻ ነበር የመሰለኝ። ይሄው ሁለተኛ ዓመቴ ነው፣ የሱ ቤተሰብ ጋ ህሊና የሚባል ሰው የለም። ስወልድ ሊጠይቁኝ የመጡ ዘመዶቹ ጤና ጣቢያው በር ላይ ጥሩወርቅን ብለው ጠይቀው እዚህ የለችም ተብለው ሊመለሱ ነበር፣ የምሰራበት ጤና ጣቢያ እኮ ነው! ባሌም እናቱ ፊት ጥሩወርቅ ማለት ጀምሮ አሁን ቤታችን ይዞት ገብቷል። ለአማቴ ብነግራቸው ነውር ይሆናል?

መልስ፦ በሩ ላይ ያልሽው አሳቀኝ፣ ይቅርታ አድርጊልኝ። ልማዱን ታውቂዋለሽ፣ ወሎም ሌላውም የአማራ አገር ሙሽራ ስትገባ አማት ስም ያወጣሉ፣ ካንቺ ሊቀሙ ሳይሆን ልጄ አደረግኩሽ ለማለት ነው፣ አራስ ቤት ለተወለደ ልጅ ስም እንደሚወጣው ማለት ነው። አንቺስ ብትሆኚ አማትሽን በስማቸው ጠርተሻቸው ታውቂያለሽ? አትጠሪያቸውም። ያ ቤት ማንም ማንንም በደረቁ ስሙ የማይጠራበት ቤት ነው።

የድሮዎቹ ግን ሳያድጉ ነው የሚዳሩት፣ ስሙም ኑሮውም አንድ ላይ ነው የሚለወጥባቸው፣ አባት ቤት የነበረው ስም ቀስ ብሎ ይጠፋል። እኔ ያደግኩበት ሰፈር አንዲት ሴትዮ ሞተው ለቅሶ ላይ ሙሾው በሁለት ስም ነበር፣ የባላቸው ወገን በአንዱ ያለቅሳል የወንድማቸው ልጆች በሌላው፣ እኛ ልጆቹ ሁለት ሰው የሞተ መስሎን ስንቆጥር ነበር። አንቺ እዛ አትደርሺም፣ ሕጉም ያገባች ሴት የራሷን ስም ይዛ ትቀጥላለች ነው የሚለው፣ ማዕረግሽም ደሞዝሽም ህሊና ተብሎ ነው የሚወጣው።

ስለዚህ አማትሽን ተያቸው። ሁለት ቀን ሄደሽ ጥሩወርቅ ተብለሽ ቡና ጠጥተሽ አቦሉንም ቶናውንም በረካውንም ጨርሰሽ ትመለሻለሽ፣ ምንም አይጎድልብሽም፣ ሴትዮዋ ደግሞ ያንን ስም ስንት ቀን እንዳሰቡበት ማን ያውቃል። ባልሽን ግን እንዳትምሪው! እሱ ያገባው ህሊናን ነው፣ ሲለማመጥ ሲደውል የነበረው በዛ ስም ነው፣ ቤቱ ሲገባ ያንን ይጥራ። በፀብ ሳይሆን ዛሬ ማታ ንገሪው፣ ጥሩወርቅ ሲልሽም አቤት አትበዪ፣ ሁለት ሶስት ቀን ነው የሚፈጅበት። እግረ መንገድሽን የልጅሽን የልደት ምዝገባ ወረቀት አውጥተሽ እዪው፣ ያስመዘገበው አጎት ምናምን ከሆነ እናት በሚለው ቦታ ጥሩወርቅ ተጽፎ እንዳይሆን። እንዲህ ዓይነት ነገር ልጁ ትምህርት ቤት ሲገባ ነው የሚፈነዳው።

ጥያቄ፦ ምትኬ እባላለሁ ከወልዲያ። ከኔ በፊት እህቴ በሦስት ዓመቷ ሞታ ነው እኔ የተወለድኩት። ሰው ስምሽ ደስ ሲል ይለኛል፣ እኔ ግን ስጠራ የምሰማው እሷን ነው። እናቴ ስትናደድ ወይ ስትደነግጥ በእህቴ ስም ትጠራኛለች፣ ከዛ ምላሷን ትነክሳለች። 26 ዓመቴ ነው፣ ስራ ቦታ ሜቲ በሉኝ ብያለሁ። በወረቀት ብቀይረው እናቴን የምገድላት ይመስለኛል።

መልስ፦ ምትኬ ልበልሽ ሜቲ? አንቺ ራስሽን የምትጠሪው በየትኛው እንደሆነ አልጻፍሽልኝም፣ እስከዛው ሜቲ ልበል።

ሜቲ፣ ምትኩ፣ ተተካ፣ ካሳ፣ ካሳነሽ፣ ማስረሻ እያልን ስንጠራ ማን ሞቶ ነው ብለን አንጠይቅም፣ አገሩ በሙሉ የለመደው ስም ስለሆነ ባለቤቱ ጆሮ ውስጥ ምን እንደሚል አናስብም። አንቺ ስላሰብሽው ጥፋተኛ አይደለሽም። እናትሽም ጥፋተኛ አይደለችም፣ ያኔ ያንን ስም ስታወጣ ልጇን ላለመርሳት ሳይሆን በሕይወት ለመቆየት ይመስለኛል።

ስም መቀየር እናት መግደል ነው የሚለውን ግን ተዪው። ቴዎድሮስም ዮሐንስም ሲወለዱ ሁለቱም ካሳ ነበሩ፣ አንዱ በ1847 አንዱ በ1864 ሲነግሡ ካሳነታቸውን ትተው ሌላ ስም ይዘዋል፣ ያም ሆኖ ድሮ የሚያውቃቸው ሰው ካሳ ማለቱን አልተወም፣ መቅደላ ሄደሽ ብትጠይቂ ዛሬም ካሳ የሚል ሽማግሌ አታጪም። ስም ሲቀየር አሮጌው ይሞታል ያለሽ ማን ነው።

እኔ አንቺን ብሆን ፍርድ ቤት ከመሄዴ በፊት ስለ እህቴ እጠይቃት ነበር። ስለ ስሙ አይደለም፣ ስለ ልጅቷ። ምን ትመስል ነበር፣ ምን ትወድ ነበር፣ የተቀበረችው የት ነው። እናንተ ቤት እሷ የምትነሳው በስህተት ብቻ ነው፣ እናትሽ ደንግጣ ስታመልጣት፣ ከዛ ምላስ መንከስ። በደህና ቀን በስሟ ብትነሳ ያንቺ ስም የሁለት ሰው ሸክም መሸከሙን ይተው ይሆናል፣ ላይተውም ይችላል። ካልተወሽ ቀይሪው፣ 26 ዓመት ሞክረሽዋል። ማመልከቻው ላይ ሁሉንም መዘርዘር አይጠበቅብሽም፣ ሰው በሌላ ስም እንደሚያውቅሽና በሱ መጠራት እንደምትፈልጊ አስረጂ፣ የትምህርት ማስረጃሽን ግን ከነ ውሳኔው አብረሽ አስቀምጪ፣ ዲግሪሽ ላይ ያለው ምትኬ ነውና ስራ በቀየርሽ ቁጥር ትጠየቂያለሽ።

ጥያቄ፦ ኮምቦልቻ ነን። ባሌ ሙስሊም ነው እኔ ክርስቲያን፣ ሴት ልጅ ልንወልድ ነው። የሱ እናት በሰባተኛው ቀን ፋጡማ ትባላለች ብለው ጨርሰዋል፣ የኔ እናት ደግሞ በ80 ቀኗ ክርስትና ትነሳለች ብላ ነጠላ ገዝታለች። እኛ ሰላም ብንላት ሁለቱም ዝም ይላሉ ብለን አሰብን። ልክ ነን?

መልስ፦ ሰላም ሸጋ ስም ነው። መርየም ብትሏትም ሁለቱም ቤት ያለ ስም ነው፣ ሐዋም እንደዛው። ግን ዝም ይላሉ ያላችሁትን አላምንም፣ ምክንያቱም አያቶቹ የሚጣሉት በስሙ አይደለም፣ ልጅቷ በማን ታድጋለች በሚለው ነው፣ እሱን ሳትነጋገሩ ስሙን መሀል አድርጋችሁ ብትደበቁበት 80ኛው ቀን ሲደርስ ነጠላው ይወጣል። ሁለታችሁ መጀመሪያ ለብቻችሁ ተቀምጣችሁ ቁርጡን አውሩ።

ሌላውን ግን እኔ ብዙም አላካብድም። አያትየዋ ፋጡማ ቢሏት ሌላዋ ወለተ ምናምን ቢሏት ልጅቷ ለሁለቱም አቤት ትላለች፣ ወሎ ውስጥ እንዲህ ያደገ ሰው ሞልቷል። ወረቀት ላይ የሚገባው ግን አንድ ነው። በ90 ቀን ውስጥ ወሳኝ ኩነት ሄዳችሁ አስመዝግቡ፣ ጭቅጭቁ እስኪያልቅ ብላችሁ አታሳልፉት። የእንግሊዝኛውንም ፊደል ያኔውኑ ወስኑት፣ አባትየው መሐመድ ከሆነ በኦ ነው በዩ፣ አንድ ኤም ነው ሁለት፣ የሱ ፓስፖርት ወይ ዲግሪ ላይ ያለውን አይታችሁ እሱኑ ገልብጡ። አንዲት ፊደል ተለውጣ አባትና ልጅ መሆናቸውን አስረዱ ተብለው ኤምባሲ ደጅ የሚንከራተቱ ሰዎች አውቃለሁ።

ጥያቄ፦ 11ኛ ክፍል ነኝ፣ ስሜ አመዴ ነው፣ ከተንታ ነው የመጣነው አሁን አዲስ አበባ ነን። ክላስ ውስጥ አመድ፣ አመዶ፣ ክረምት ሲሆን ደግሞ ጭቃው ይሉኛል። ስሙን ያወጡልኝ አያቴ ናቸው። አህመድ ላስብለው?

መልስ፦ አይ ልጆች! ጭቃው የሚለው እንኳ ትንሽ ጭንቅላት ያለው ልጅ ነው ያወጣው፣ ይሄን ለሱ እንዳትነግረው።

አመዴ እኮ አህመድን ማቆላመጥ ነው፣ ወሎ ውስጥ አመዴ ሲባል የሚስቅ ሰው የለም፣ ከላይ ለተስፋዬ ያነሳኋቸው ኢማም አመዴ ጦር ይመሩበት የነበረ ስም ነው፣ አመድ ያላቸው ሰው ስለመኖሩ አልሰማሁም። ይሄን አንዴ ክላስ ውስጥ ተናገርና እይ፣ የታሪክ አስተማሪህን ብታስነግራቸው ደግሞ የበለጠ።

እሱም ካልሰራ አህመድ ማስባል ትልቅ ነገር አይደለም፣ ያው ስምህ ነው ሙሉውን መጻፍ ነው። ግን ከወላጅህ ጋር ሆነህ አሁኑኑ ጀምረው፣ የ12ኛ ክፍል ፈተና ምዝገባ ከማለፉ በፊት። ፈተናው ላይ የገባው ስም ነው ዩኒቨርሲቲም ዲግሪም ድረስ የሚከተልህ፣ በኋላ እናስተካክላለን ብለው አሁን ድረስ የሚሯሯጡ አሉ። የ8ኛ ክፍል ካርድህም አመዴ ስለሚል የፍርድ ቤቱን ውሳኔ ኮፒ ከሱ ጋር አያይዘህ አስቀምጥ። አያትህ ግን በወረቀት ምንም ብትሆን አመዴ ማለታቸውን አይተዉም፣ አንተም አቤት በላቸው።